የመጨረሻዋ ቀዳዳ አጭር ብትሆንስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሜዳና የሣር ጉዳይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና አራት ጓደኞቼ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ጣና ዳር፣ ለሎጅ የተመራልን መሬት አለን። ከሎጁ ጎን ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት አስበናል። ስምንቱን ወረቀት ላይ አስቀምጠናቸዋል፤ ሁሉም ተመችቷቸዋል። ለዘጠነኛዋ የቀረን ግን ከዳገቱ ሥርና ከሐይቁ መሐል ያለ ቁራጭ መሬት ነው። ርዝመቱ 170 ሜትር፣ ወርዱ 100 ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ከፓር ሦስት በቀር ምንም አይወጣም። አሜሪካ ኖሮ የመጣው ሸሪካችን ደግሞ "በፓር ሦስት የሚያልቅ ሜዳ የለም፤ እንግዳ ይስቅብናል፤ ሁሉንም እንደ አዲስ እንሥራው" ይላል። እንደ አዲስ ከተሠራ ሁለት ትልልቅ ዋርካዎች መቆረጣቸው ነው። ምን ይመክሩናል?
(ስሜ ይቆይ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዋርካዎቹን አትንኩ። ሜዳችሁን በአጭሯ ቀዳዳ ጨርሱት። መሬት ስላጠራችሁ ላጽናናችሁ ብዬ አይደለም፤ ከልቤ ነው።

ጎልፍ ለማያውቁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ተጫዋቹ ኳሷን ከመነሻው፣ ከቲው ላይ ይመታና ግሪን ወደሚባለው አጥሮ ወደታጨደው ሣር ያደርሳታል። እዚያ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ አለች። ከመነሻው እስከ ጉድጓዷ ያለው ሁሉ አንድ ላይ 'ቀዳዳ' ይባላል። ጎበዝ ተጫዋች ኳሷን በስንት ምት ያስገባታል ተብሎ የተቀመጠው ቁጥር ፓር ይባላል። ፓር ሦስት አጭሩ ነው፤ አንድ ምት ግሪኑ ላይ ለመድረስ፣ ሁለት ምት ለማስገባት። ለወንዶች እስከ 240 ሜትር፣ ለሴቶች እስከ 200 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፓር አራትና ፓር አምስት ረጃጅሞቹ ናቸው።

ወደ ሸሪካችሁ ልምጣ። የጎልፍን ሕግ በጋራ የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ የሚባለው የብሪታንያ ድርጅትና ዩ ኤስ ጂ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ናቸው። ሕጋቸው ውስጥ የትኛው ቀዳዳ በየትኛው ተራ ይቀመጥ የሚል ነገር የለም። ሙሉ ሜዳ አሥራ ስምንት ቀዳዳ ነው የሚለው ልማድ ራሱ ከስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ የመጣ ነው። በ1764 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች አጠሩ ተብሎ ሲዋሃዱ አንድ ዙር ከ22 ወደ 18 ወረደ። በዚያ መሬት ላይ እንዲያ ተመቸ፤ ሌላው ዓለም ተከተለ።

በፓር ሦስት የሚያልቁ ሜዳዎችም ሞልተዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ፓሳቲየምፖ የሚባል ሜዳ አለ። በ1929 ነው የተከፈተው። የነደፈው አሊስተር ማኬንዚ ነው፤ ሐኪም የነበረ ሰው፤ ኋላ ከታላቁ አሜሪካዊ ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር ኦገስታ ናሽናል የሚባለውን ዝነኛ ሜዳ የነደፈው። ፓሳቲየምፖ ላይ የመጨረሻዋን ቀዳዳ አጭር አደረጋት። ኳሷ ገደል ተሻግራ ነው ግሪኑ ላይ የምታርፈው። ይሄ ሰው ቤቱን የሠራው እዚያው ሜዳ ዳር ነው። በ1934 እስኪሞት እዚያው ኖረ። እንግዲህ በየአገሩ ሜዳ ሲነድፍ የኖረ ሰው ደጃፉ ላይ ያለውን በአጭር ቀዳዳ ከጨረሰ፣ እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም። ሸሪካችሁ ከፈለገ ግን አለለት። እንግሊዝ ውስጥ ሊንድሪክ በፓር ሦስት ያልቃል፤ በ1957 የብሪታንያ ቡድን አሜሪካኖችን በራይደር ካፕ ውድድር ያሸነፈበት ሜዳ ነው። የበርክሻየር ቀዩ ሜዳ ስድስት ፓር ሦስት፣ ስድስት ፓር አራት፣ ስድስት ፓር አምስት አለው፤ መጨረሻው ፓር ሦስት ነው። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ጋርደን ሲቲም እንደዚሁ።

ለእናንተ ከሁሉም የሚቀርበው ግን አየርላንድ፣ ኪላርኒ ያለው ነው። ማሆኒስ ፖይንት ይባላል። 18ኛዋ ቀዳዳ ፓር ሦስት ናት፤ ሎክ ሊን የሚባለውን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ ሜዳ ሰው የሚያስታውሳት እሷን ነው። እናንተ ደግሞ ጣና አላችሁ!

ሸሪካችሁ ከመሬት ተነሥቶ እንዳልተናገረም ልንገራችሁ። አትላንታ ውስጥ ኢስት ሌክ የሚባል፣ ቦቢ ጆንስ ያደገበት ሜዳ አለ። ትልልቆቹ ባለሙያዎች የዓመቱን መዝጊያ ውድድር እዚያ ነው የሚያደርጉት። ድሮ በፓር ሦስት ነበር የሚያልቀው። በ2016 የፊቱን ዘጠኝ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ገለበጡትና አሁን በፓር አምስት ያልቃል። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ኮንግሬሽናልም በ1997ቱ ዩ ኤስ ኦፕን፣ ኧርኒ ኤልስ ያሸነፈ ጊዜ፣ በፓር ሦስት ነበር የጨረሰው። በ2011 ውድድሩ ተመልሶ ሲመጣ ተቀይሮ ጠበቀው። ምክንያታቸው ይገባኛል። በሁለት ምት የተቀደመ ተጫዋች በመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ የመድረስ ተስፋ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ፓር አምስት ላይ ያ ተስፋ አለ። ፓር ሦስት ላይ ግን ወይ ኳሷ በአንድ ምት መግባት አለባት፣ ወይ መሪው መሳት አለበት። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቴሌቪዥን ለሚያየው ውድድር ይሄ ቁም ነገር ነው።

እዚያም ቢሆን አጭር መጨረሻ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አይደለም። በ2010 ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪንብራየር ላይ፣ አውስትራሊያዊው ስቱዋርት አፕልቢ በመጨረሻው ቀን 18ቱን ቀዳዳ በ59 ምት ጨረሰ፤ እጅግ ብርቅ ውጤት ነው። ያ ሜዳ የሚያልቀው በፓር ሦስት ነው። አፕልቢ እሷን በሁለት ምት ካላስገባ 59 አይሆንም፤ በሁለት አስገባት። ውድድሩን ያሸነፈውም በአንድ ምት ብልጫ ነው።

እናንተ ግን የምትሠሩት ቅዳሜና እሑድ ለሚመጣ እንግዳ፣ ለባሕር ዳር ልጆች፣ ለቤተሰብ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው አጭር መጨረሻ የሚሻልበትን ምክንያት እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከደንበጫ አዲስ አበባ ገብቼ ካዲ ነበርኩ፤ የሰው ዱላ ተሸክሜ ነው ጨዋታውን የተማርኩት። ኋላም ብዙ ዓመት በሰው አገር የጎልፍ ሣር ስንከባከብ ኖሬያለሁ። ካዲ ሁሉንም ያያል። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ረጅም ስትሆን አራቱ ተጫዋቾች ይበታተናሉ። ጉልበተኛው ፊት ይቀድማል። ሽማግሌው ከኋላ፣ ሚስትየዋ ዛፍ ሥር፣ እንግዳው ኳስ ፍለጋ። ግሪኑ ላይ ሲገናኙ አንዱ ጨርሶ ሰዓቱን ያያል። አጭር ስትሆን ግን አራቱም አንድ ቦታ ቆመው ነው የሚመቱት። አንዱ ሲመታ ሦስቱ ኳሷን ያያሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይጨርሳሉ። በዚያች ቀዳዳ ላይ የ70 ዓመት አዛውንት የ25 ዓመት ጎረምሳን ሲያሸንፉ አይቻለሁ፤ ርቀቱ ለጉልበት አያዳላምና። እኛ ጎጃም ውስጥ ገና እየተጫወትን ያደግን ሰዎች "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የምንለው ለዚህ ነው። ስምንት ቀዳዳ ሙሉ ሲሸነፉ የዋሉ ሰው በመጨረሻዋ ላይ እኩል ዕድል ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ነው የሚገቡት። ደስ ብሎት የገባ ሰው ደግሞ ይመለሳል።

እሺ፣ አሠራሩ ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አንደኛ ነገር፣ በምንም ምክንያት ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አታስመቱ። ጣና ላይ ጠዋት ማታ ታንኳ አለ። ደንገል የሚያጭድ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ አለ። የጎልፍ ኳስ ሰው ይገድላል። ቀዳዳዋ የሐይቁን ዳር ይዛ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሐይቁን በግራ አድርጋ ትሂድ። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጀኛ ነው። ያልሠለጠነ ቀኝ እጀኛ ሲስት ኳሷ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች፤ ስለዚህ ስሕተቱ ወደ የብስ ይሆናል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ስለሚነፍስ እሱም ወደ ቀኝ ይገፋላችኋል። ፀሐይም በመጨረሻው ሰዓት በስተቀኝ ትሆናለች፤ ማንም ዓይኑ ተጨፍኖ አይመታም። ከደቡብ ወደ ሰሜን ብትገለብጧት ይሄ ሁሉ ይበላሽባችኋል።

ኳስ ወደ ቀኝ የምትሄድ ከሆነ ታዲያ የሎጁን በረንዳ ከግሪኑ በስተቀኝ እንዳትሠሩት። እንግዳ ቡና ሲጠጣ ኳስ ይመጣበታል። እኔ ብሆን በረንዳውን ከቲው በስተኋላ፣ ዳገቱ ላይ ከፍ አድርጌ ነው የምሠራው። ከዚያ የተቀመጠ ሰው ኳሷ ተመትታ እስክታርፍ ሙሉውን ያያል፤ ኳሱም ከእሱ እየራቀ ነው የሚሄደው። ተጫዋቾቹ ሲጨርሱ በዳገቱ ሥር 150 ሜትር ያህል ይመለሳሉ፤ ምንም አይደል። ከግሪኑ በስተቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ዋንዛና ብሳና ትከሉበት። የአካባቢው ሰው የሚሄድበት የእግር መንገድ በዚያ ካለፈ ደግሞ አስቀድማችሁ ከሰዎቹ ጋር ተነጋገሩና በቲው ጀርባ እንዲዞር አድርጉ። ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ምእመን ኳስ እየፈራ መሄድ የለበትም።

ሁለተኛ፣ መሬቱን የለካችሁት መቼ ነው? ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ክረምቱ አልፎ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በበጋው መጨረሻ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ይሸሻል። ግንቦት ላይ ደረቅ አይታችሁ ግሪን ከሠራችሁ ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በጥቅምት ሂዱና ችካል ትከሉ። ግሪኑ ከዚያ ችካል በደንብ ወደ ላይ ይሁን። ከውሃው ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ደግሞ ከሚመለከተው የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ውሰዱ። ጣና ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው። ደንገሉን እንዳትነኩት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ማዳበሪያ። የጎልፍ ግሪን ብዙ ማዳበሪያ ይጠጣል። ዝናብ ሲመጣ ያ ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እምቦጭ የሚወደው ይሄንኑ ነው። ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ ያደረሰውን እናንተም በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ገበሬው በእጁ ሲነቅል የኖረውን። አጭር ቀዳዳ እዚህ ላይም ትጠቅማችኋለች። ረጅም ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር የተመገበ ሣር ያስፈልጋችሁ ነበር። በአጭሯ ላይ ቲውንና ግሪኑን ብቻ ታለማላችሁ፤ መሐሉን እንዳለ ተዉት። በግሪኑና በውሃው መሐል ቢያንስ 30 ሜትር ያልታጨደ፣ ምንም ያልተረጨበት ረጅም ሣር ይቁም። ለግሪኑ ሰርዶ ይበቃል። ቤርሙዳ እያሉ በውድ የሚሸጡት የእኛው ሰርዶ ወገን ነው። በመስመር ተክላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ብታጭዱት የአገሩን ፀሐይ ይችላል።

ርዝመቷን 150 ሜትር አካባቢ አድርጉት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳስ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከ6 እስከ 8 በመቶ ራቅ ትላለች። ስለዚህ 150 ሜትሩ እንደ 140 ነው የሚሆነው። ለሴቶች፣ ለአዛውንትና ለልጆች 120፣ 100 እና 70 ሜትር ላይ ሌሎች መነሻዎች አዘጋጁ።

የእናንተ ሜዳ ዘጠኝ ቀዳዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። ስለዚህ ያቺ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ትመጣለች። አንድ ዓይነት ከሆነች ትሰለቻለች። ሁለት ቲ ሥሩላት። በመጀመሪያው ዙር ከዳገቱ ጥግ 125 ሜትር፣ በሁለተኛው ከሐይቁ በኩል 150 ሜትር። ማዕዘኑ ሲቀየር ሌላ ቀዳዳ ትሆናለች። ቲዎቹን ሰፋ አድርጓቸው። በፓር ሦስት ላይ አብዛኛው ሰው በብረት ዱላ ነው የሚመታው፤ ብረት ሣሩን ከነአፈሩ ይገሽልጠዋል። ጠባብ ቲ በሁለት ወር አፈር ይሆናል። መምቻውን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት በየቀኑ አንቀሳቅሱ።

ግሪኑ ደግሞ ቢያንስ 450 ካሬ ሜትር ይሁን። ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን፤ ደካማው ሰው ኳሷን እያንከባለለ ይግባ። የአሸዋ ጉድጓድ ካማራችሁ አንድ ብቻ፣ በግራ፣ በሐይቁ በኩል አድርጉ፤ ወደ ውሃው የምትሄደውን ኳስ ይይዝላችኋል። ባንዲራዋን አንዳንድ ቀን ከዚያ ጉድጓድ ጀርባ ስትተክሏት ጎበዙም ያስባል።

ሸሪካችሁ ሌላ ሊያነሣው የሚችለው ወረፋ ነው። እውነት ነው፣ ፓር ሦስት ላይ ሰው ይጠባበቃል። ከፊት ያለው ቡድን ግሪኑን ሳይለቅ የኋላው መምታት አይችልም። ግን ወረፋ የሚጎዳው ገና በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ ላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ይዘገያል። በመጨረሻዋ ላይ ከሆነ የሚጠብቀው ሰው በረንዳው ሥር ነው የቆመው። የሚጠጣ ነገር ይዞ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ። ለልጆቹ ስድስት አጫጭር ቀዳዳዎች ብንሠራላቸው ብለን ነበር። ሁሉም አጭር ከሆነ ጎልፍ ይባላል? መሬቱ ዋልካ ነው፤ ገንዘብም የለንም።
(መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይባላል እንጂ፣ መምህርት! ኦገስታ ናሽናል እንኳ ከትልቁ ሜዳ ጎን በ1958 የተሠራ፣ ሁሉም ፓር ሦስት የሆነ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ከ1960 ጀምሮ እዚያ በሚደረገው ትልቅ ውድድር፣ በማስተርስ ዋዜማ ይጫወቱበታል። የዓለም ትልልቆቹ ተጫዋቾች ልጆቻቸውን ካዲ አድርገው ነው የሚወጡት። ከልጅ ጋር የሚያምር ጨዋታ አጭሩ ነው።

ዋልካ ግን ያስቸግርዎታል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ግሪኖቹን ከሜዳው በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጓቸው፤ በላይኛው በኩል ገበሬው እንደሚያወጣው ፈሰስ ያውጡ። ሣር የሚያጭድ ማሽን ከሌለ በሣር ፈንታ የተነፋ አሸዋ ያንጥፉና በእንጨት ያስተካክሉት። ብዙ አገር ላይ በአሸዋ ግሪን ተጫውተዋል። የተቃጠለ ዘይት የሚደፉበት አሉ፤ እርስዎ እንዳይሞክሩት፣ ለልጆች አይሆንም። ለጀማሪዎቹ የቴኒስ ኳስ ይስጧቸው፤ መስኮትም አይሰበርም፣ ሰውም አይጎዳም።

ስድስተኛዋን ከ40 እስከ 50 ሜትር ያድርጓት፣ በትምህርት ቤቱ በር በኩል። ትንሿም ልጅ በሁለት ምት ትድረስባት። ከባዷን ቀዳዳ አራተኛ ላይ ያስቀምጡ፤ እዚያ የተናደደ ልጅ ለመርሳት ሁለት ቀዳዳ ይቀረዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዎች እኩል ሆነው መጥተው በመጨረሻዋ አጭር ቀዳዳም እኩል ቢወጡ ምን ይደረጋል?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አንድ ለአንድ በሚደረግ ግጥሚያ ሕጉ አሸናፊ እስኪገኝ አንድ አንድ ቀዳዳ እየተጨመረ ይቀጥል ይላል፤ የውድድሩ ደንብ በእኩል ይለቅ ካላለ በስተቀር። የሚጨመረውም ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ተነሥቶ በተራው ነው። አዘጋጁ ግን አስቀድሞ ሌላ ተራ መወሰን ይችላል። መጨረሻችሁ አጭር ከሆነች "ጭማሪው በዚያችው በመጨረሻዋ ላይ ይሆናል" ብላችሁ ደንቡ ላይ ጻፉ። ማንም ሩቅ ሳይሄድ፣ ሰውም ከበረንዳው ሳይነሣ፣ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።